ሂሳቡ ቀድሞ ይነገረን!
ከውጭ በሚታዘዙ ዕቃዎች ላይ ስለሚጠየቀው ያልታሰበ የጉምሩክ ክፍያ፣ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተሞች መራጮች

የተከበራችሁ የመተማ ዮሐንስ፣ የገንዳ ውሃ፣ የኮኪት፣ የገለጎ፣ የአብርሃጅራና የአብደራፊ ከተሞች ነዋሪዎች!

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በትልልቅ የፖለቲካ መድረኮች ላይ ብዙም አይነገርለትም። በየቤታችሁ ግን ገብቷል። ከውጭ አገር ሻጭ በስልኩ ዕቃ ያዘዘ፣ ዘመድ የላከለት ወይም ከወንዙ ማዶ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ሲገዛ አንድ ዋጋ ይነገራል፤ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ይጠየቃል። ሁለተኛውን ዋጋ የሚጠይቀው ደግሞ ሻጩ ሳይሆን የራሳችን መንግሥት ነው።

አቋማችንን ከመነሻው ግልጽ እናድርግ። ቀረጥ አይከፈል አንልም። ግብር የማይሰበስብ መንግሥት ትምህርት ቤት አይሠራም፣ ሐኪም አይቀጥርም፣ ድንበር አያስጠብቅም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ዜጋ በአንድ ዕቃ ላይ የሚከፍለውን ቀረጥና ታክስ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የማወቅ መብት አለው። ቀድሞ ያልተነገረ ክፍያ የሕግ ካባ የለበሰ ደፈጣ ነው።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

እንበል፤ አንድ የገንዳ ውሃ ስልክ ጠጋኝ የስልክ ስክሪንና መለዋወጫ ከቻይና ሻጭ ያዝዛል። በብር ሂሳቡ ለውጭ ሻጭ መክፈል ስለማይቀለው ዱባይ ያለች እህቱ ትከፍልለታለች፤ ወይም በቴሌግራም ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው በቴሌብር ይልካል። ዕቃው አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ጉምሩክ እንደተያዘና ይህን ያህል ብር መክፈል እንዳለበት ይነገረዋል። ካልከፈለ ዕቃው መጋዘን ይከርማል፤ የመጋዘን ኪራይም በላዩ ይቆጥራል። ልከራከር ቢል ከመተማ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ መጓዝ ወይም ወኪል መያዝ አለበት። የመኪናው፣ የአልጋውና የጠፋው የሥራ ቀን ወጪ ሲደመር ክርክሩ ከዕቃው ይወደዳል። ስለዚህ ወይ እያጉረመረመ ይከፍላል፣ ወይ ዕቃውን ጥሎ ይቀራል።

የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ ያዘዘው ልብስ ሰፊ፣ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ያስመጣው ፀጉር አስተካካይ፣ ለልጇ መነጽር ከውጭ ያስላከችው እናት ሁሉ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። እነዚህ ሰዎች ባለ ኮንቴይነር አስመጪዎች አይደሉም። የታሪፍ ባለሙያም ሆነ የሒሳብ ሠራተኛ የላቸውም።

«ሳያጣራ ለምን አዘዘ?» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ገዢውን ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኛ ግን ገደሉ ላይ ሣር ያለበሰው ማን ነው ብለን እንጠይቃለን።

2. ሂሳቡ እንዴት ይደራረባል?

የታሪፍ መጽሐፍ የለም አንልም፤ አለ። ነገር ግን ዕቃዎችን በስምንት አኃዝ ኮድ የሚለይ፣ ለባለሙያ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። አንድ ተራ ገዢ ዕቃው በየትኛው ኮድ እንደሚመደብ ቢያውቅ እንኳ ያገኘው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። ከጉምሩክ ቀረጥ በላይ የሚደራረቡት ብዙ ናቸው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። የዕቃው ዋጋ 8,000 ብር፣ የመጓጓዣውና የኢንሹራንሱ 2,000 ብር ይሁን። ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በድምሩ 10,000 ብር ላይ ነው። ዕቃው ከፍተኛው የቀረጥ ልክ፣ ማለትም 35 በመቶ የሚከፈልበት ከሆነ ቀረጡ 3,500 ብር ይሆናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተደመረበት በ13,500 ብር ላይ ሲታሰብ 2,025 ብር ነው። በ1999 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ እስካሁን የተደመረው ሁሉ ላይ፣ ማለትም በ15,525 ብር ላይ ይጣላል፤ እርሱም 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሦስቱ ብቻ 7,077 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኑ። ታክስ በታክስ ላይ ማለት ይህ ነው። ከዚህም ውስጥ 1,415 ብር ከ50 ሳንቲም የተከፈለው ገዢው በእጁ ለማይዘው ነገር፣ ለመጓጓዣውና ለኢንሹራንሱ ነው።

ሂሳቡ በዚህ አያበቃም። በ2014 ዓ.ም. ለማኅበራዊ ድጋፍና ለመልሶ ግንባታ ተብሎ በገቢ ዕቃ ላይ 3 በመቶ ተጨምሯል። ዕቃው ለንግድ ከሆነ 3 በመቶ ቅድመ ግብር አለ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ከተዘረዘሩት ዕቃዎች አንዱ ከሆነ ኤክሳይዝ ታክስ ይጨመራል።

በዚህ ሁሉ ላይ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከላይ ባሳየነው ስሌት፣ መጓጓዣውን ጨምሮ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ57 ብር ምንዛሪ 4,034 ብር ገደማ ይከፈልበታል፤ በ100 ብር ምንዛሪ ግን 7,077 ብር ይከፈልበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረጡን በአንድ መቶኛ እንኳ ሳይጨምር፣ ደመወዙ በብር የሆነ መምህርና ነርስ የሚጠየቀው እንዲህ ያድጋል። ሰኔ ላይ አዝዞ መስከረም ላይ የተረከበ ሰው ያዘዘው በአንድ ሂሳብ፣ የተጠየቀው በሌላ ሂሳብ ነው።

3. ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። ግልጽነት ማለት ደግሞ ከፋዩ ከከፈለ በኋላ ደረሰኝ መስጠት ብቻ አይደለም። ከመክፈሉ በፊት እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። የተለጠፈውም ዋጋ ቀረጥንና ታክስን እንዳካተተ ይቆጠራል። ሱቁ ውስጥ 500 ብር ብሎ ለጥፎ በሂሳብ ሰዓት «ታክሱን ረስቼዋለሁ፣ 850 አምጣ» የሚል ባለሱቅ በሕግ ይጠየቃል። እንግዲህ መንግሥት ለባለሱቁ የከለከለውን እርሱ ራሱ በጉምሩክ መስኮት የሚያደርገው በየትኛው ሞራል ነው? ለትንሹ ነጋዴ የተጻፈ የሐቀኝነት ሕግ ለትልቁ ሰብሳቢ ለምን አይሠራም?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ መመሪያዎች ተመዝግበው ለሕዝብ ይፋ ካልሆኑ ተፈጻሚ እንደማይሆኑ ይደነግጋል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ኬላ ላይ «መመሪያ ነው» የሚለው ቃል የክርክር መዝጊያ ሆኖ እንዲቀር ግን አንፈቅድም። መመሪያ ከሆነ ቁጥሩ ይነገር፣ ይታይ፣ ይነበብ። አዲስ አበባ ባለ ድረ ገጽ ላይ የተጫነ ወረቀት ብቻውን ለመተማ ሕዝብ ይፋ ሆኗል ማለት አይቻልም። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መንግሥት ሕጉን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ ኢንተርኔቱን ከዘጋ፣ ሕጉን ደብቆታል።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ በመጀመሪያ ደረጃ ገዢው በትክክል በከፈለው ዋጋ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። ሹሙ ደረሰኙን ከተጠራጠረ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ካላመነም ሕጉ በቅደም ተከተል ወዳስቀመጣቸው ሌሎች መንገዶች ይሄዳል። ስለዚህ ደረሰኝን «ይህማ ቅናሽ ነው» ብሎ ገፍቶ ሌላ ዋጋ መጻፍ ያለ በቂ ምክንያት የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ቅሬታ ያለው ሰው ለጉምሩክ፣ ከዚያም ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። ነገር ግን የ3,000 ብር ክርክር ያለው ሰው 10,000 ብር አውጥቶ ካልሆነ ሊጠቀምበት የማይችለው መብት ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል።

4. የመተማ ሰው ለምን ይበልጥ ይጎዳል?

ይህች ከተማ ከገበያ ጋር የተወለደች ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁባት መተማ፣ ከዚያም በፊት የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገላባት ገበያ ባለቤት የነበሩት ተክሩሮች በአንድ በኩል ለኢትዮጵያ፣ በሌላ በኩል ለግብፅ ይገብሩ እንደነበር ታሪክ ጽፎታል። ለሁለት ጌታ የሚገብር ገበያ ምን እንደሚመስል ይህ ሕዝብ ከአያቶቹ ያውቃል። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ኬላው የት እንዳለና ነጋድራሱ ምን እንደሚጠይቀው አውቆ ይነሣ ነበር። የዛሬው ገዢ ግን ስልኩ ላይ ዋጋውን ያያል፣ ኬላውን አያይም።

ለቆላው ሕዝብ «የውጭ አገር ሻጭ» ማለት ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው ብቻ አይደለም። ገላባት በእግር የሚኬድ ነው። ለብዙ ዓመታት የቤት ዕቃ፣ ልብስና ሸቀጥ ከገዳሪፍና ከካርቱም በዚያ በኩል ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ያ ገበያ ተናጋ። ከዚያም በፊት በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን የገላባትን መተላለፊያ ዘግታ በሐምሌ ከፍታለች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻም በመተማ ዮሐንስ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መተላለፊያው ዳግም ተዘግቶ ነበር። ገበያው በተዘጋ ቁጥር ሰው ፊቱን ወደ ስልኩ፣ ወደ ዱባይና ወደ ቻይና ሻጭ ቢያዞር ሊፈረድበት አይገባም።

በዚያው ጦርነት ምክንያት በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የተረፋቸውን ይዘው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገብተዋል። ከጥይት ያመለጠ ሰው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማቀዝቀዣ ይዞ ቢመጣ፣ የትኛው ከቀረጥ ነፃ እንደሆነና የትኛው እንደሚቀረጥ በኬላው በር ላይ በአማርኛና በዐረብኛ ተጽፎ ሊያነበው ይገባዋል። የፈታሽ ፊት እያነበበ ዕድሉን መገመት የለበትም።

የጠረፍ ንግድም ከዚሁ አይለይም። የተፈቀደው የሸቀጥ ዝርዝርና የዋጋ ጣሪያ ይታወቅ። ጣሪያው በብር ተጽፎ ብሩ ሲወድቅ ጣሪያው በነጋዴው ራስ ላይ ይወርዳል። ትናንት በሕጋዊ መንገድ የምትነግድ ሴት ያንኑ ከረጢት ይዛ ዛሬ ኮንትሮባንዲስት ትባላለች። በአይከል አድርጎ ወደ ጎንደር የሚያልፈው ዕቃ ደግሞ በአንዱ ፍተሻ የተሰጠው ደረሰኝ በሌላው ካልተከበረ፣ ባለ ደረሰኙና ደረሰኝ የሌለው በምን ይለያሉ?

5. ለሚነሡት መከራከሪያዎች መልሳችን

«ኮንትሮባንድን ለመከላከል ነው» ይባላል። ኮንትሮባንድን የሚያሳድገው የማይገመት ክፍያ ነው። ሕጋዊው መንገድ ስንት እንደሚያስከፍል የማያውቅ ሰው፣ በጨለማ የሚያሳልፍለት ደላላ ቁርጥ ያለ ዋጋ ሲነግረው ምን ያደርጋል? ደላላው ዋጋውን ቀድሞ በመናገር መንግሥትን ይበልጠዋል። ሐቁ መራራ ቢሆንም ይህ ነው።

«የአገር ውስጥ ነጋዴና አምራች ይጎዳል» ይባላል። እኛም ግብሩን የሚከፍለው ባለሱቅ እንዲጎዳ አንፈልግም። የገንዳ ውሃ ባለሱቅ ግን ራሱ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ያልታሰበው ክፍያ መጀመሪያ የሚመታው እርሱን ነው። ዋጋውን አስልቶ ያመጣው ሸቀጥ በግምት ልዩነት ሲወደድበት ወይ ይከስራል፣ ወይ ልዩነቱን እናንተ ላይ ይጭነዋል።

«ሌላውም ዓለም በትናንሽ ጥቅሎች ላይ ማስከፈል ጀምሯል» ይባላል። እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች ሐምሌ 2021 ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ጥቅሎች የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት አንሥቷል። ነገር ግን ያን ዕለት እስከ 150 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ ሻጩ ታክሱን በሽያጩ ጊዜ ሰብስቦ ገቢ የሚያደርግበትን ሥርዓት አብሮ ጀምሯል። ገዢው ሙሉውን ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ስልኩ ላይ ያየዋል። አሜሪካ በበኩሏ እስከ 800 ዶላር የነበረውን የቀረጥ ነፃነት በፈረንጆች ነሐሴ 2025 ለሁሉም አገሮች በአጭር ጊዜ ስታነሣ፣ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደዚያ ጥቅል መላክ አቁመው ነበር። ሀብታሙ መንግሥት እንኳ ሳያዘጋጅ ሲያስከፍል ፖስታው ይቆማል። እኛ የምንመርጠው የመጀመሪያውን መንገድ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። የድርጅቱ የንግድ ማሳለጫ ስምምነት አንቀጽ 1 የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ ቀረጥን፣ ክፍያንና የአሠራር ሥርዓትን ለሕዝብ ይፋ ስለማድረግ ነው። ለጄኔቭ ቃል የሚገባ መንግሥት ቃሉን ከመተማ ኬላ ይጀምር።

6. ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት በገቢ ዕቃ ላይ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሚፈታው በቀበሌ ስብሰባ ሳይሆን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በምትሰጡት ድምፅ ነው። ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚከተሉትን በሕግ ያስደነግጋል፦

ሀ) አስገዳጅ ቅድመ ግምት፦ ማንኛውም ሰው የዕቃውን ዓይነት፣ ፎቶግራፍና የሻጩን ዋጋ በስልክ ወይም በአቅራቢያው ባለ ፖስታ ቤት አቅርቦ፣ የሚከፍለውን ጠቅላላ ሂሳብ ከማዘዙ በፊት በጽሑፍ ያገኛል። ግምቱ ለ60 ቀናት ይጸናል፤ ምንዛሪውም በዚያው ቀን ምንዛሪ ይያዛል። ያቀረበው መረጃ ትክክል እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

ለ) አንድ ሂሳብ፣ አንድ ደረሰኝ፦ በግል በሚታዘዙ ትናንሽ ጥቅሎች ላይ የሚደራረቡት ክፍያዎች ወደ አንድ ልክ ይጠቀለላሉ። በመጓጓዣ ወጪ ላይ ቀረጥ መጣል ለእነዚህ ጥቅሎች ይቀራል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ደረሰኝ እስከ ጎንደርና ከዚያም በላይ ይከበራል።

ሐ) የነፃነት ወለል፦ ለግል መገልገያ የሚመጣ አነስተኛ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚሆንበት ልክ በመመሪያ ሳይሆን በአዋጅ ይወሰናል። የብር መውደቅ እንዳይበላው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ተያይዞ ይጻፋል። የጠረፍ ንግድ ጣሪያም እንዲሁ።

መ) የግምት ክርክር፦ የገዢውን ደረሰኝ ያልተቀበለ ሹም ምክንያቱን በስሙና በፊርማው ጽፎ ይሰጣል። ያልተካደው ሂሳብ ተከፍሎ፣ ለልዩነቱ ዋስትና ተይዞ፣ ዕቃው ይለቀቃል። ውሳኔው በመንግሥት ምክንያት ለዘገየበት ወይም መንገድና ኢንተርኔት ለተዘጋበት ጊዜ የመጋዘን ኪራይ አይታሰብም።

ሠ) ቅርብ ዳኝነት፦ የታክስ ይግባኝ ሰሚዎች በየወሩ በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ ይሰየማሉ። ለአነስተኛ ክርክር ጠበቃም ሆነ ወኪል ሳያስፈልግ በቃል ማመልከት ይቻላል።

ረ) ተመላሾች፦ ከጦርነት ሸሽተው በመተማ ለሚገቡ ኢትዮጵያውያን ከቀረጥ ነፃ የሚገባ የቤት ዕቃ ዝርዝር በአዋጅ ይወሰናል፤ በኬላውም በር ላይ በትልቅ ጽሑፍ ይለጠፋል።

ይህ ሁሉ ገቢ አይቀንስም ወይ? ከትናንሽ ጥቅሎች የሚሰበሰበው የተወሰነ ገንዘብ ይቀንሳል፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ሂሳቡን ቀድሞ ያወቀ ሰው በሕጋዊው በር ይገባል፤ በበሩ የሚገባ ሰው ሲበዛ የአጥር ዝላይ ይቀንሳል። ከመቶ ዓመት በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ራሳቸው የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው ስለ ግብርና ስለ ጉምሩክ ሥርዓት መሻሻል ጽፈዋል። ጥያቄው ያን ያህል ዕድሜ አለው። መልሱ እስካሁን የዘገየው አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም፤ ያልተነገረ ሂሳብ ለሰብሳቢው ስለሚመች ነው።

ውድ መራጮች! ከሌሎች ፓርቲዎች የሚመጡ ዕጩዎች ደጃችሁን ሲያንኳኩ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ዕቃ ሳዝ ቀረጡን ከመግዛቴ በፊት ታሳውቁኛላችሁ ወይስ ከገዛሁ በኋላ?» «ከመግዛትህ በፊት» የሚል ዕጩ በየትኛው አንቀጽና በስንት ቀን እንደሚያደርገው ይንገራችሁ። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደውን አሰናብቱት። የእኛ መልስ ከላይ ከሀ እስከ ረ ተጽፏል፤ ያዙት፣ ከተመረጥንም በኋላ ጠይቁን።

በምርጫው ቀን የምትሰጡት ድምፅ ዋጋው ቀድሞ የተነገረ ይሁን። ፓርቲያችንን ምረጡ!